ከነጥብ ወዲያ፤ ጳጉሜን በዳባት ደጋ

ከጎንደር ከተመለስን ወዲህ ልብስ ልታሰፋ የምትመጣ ሴት ሁሉ ጨርቋን ሳታወጣ «ምን አየሽ? ምን አመጣሽልን?» ትለኛለች። ለአንዷ ተናግሬ ሳልጨርስ ሌላዋ ትገባና እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌው ልረፍ ብያለሁ። ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ተቀምጣችሁ ለምታነቡ፣ ጋቢ ማዘጋጀት አያስፈልጋችሁም፤ ብርዱን እኔ ስለ እናንተ ጠጥቼዋለሁ።

የሄድነው ለሽርሽር እንዳልነበር ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ይርጋ የሂሳብ መምህር ነው። ባለፈው የካቲት ክፍል ውስጥ እያስተማረ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ፣ እሱም ተከትሎ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። እግሩና እጁ ቀስ እያሉ ተመለሱለት፤ አንደበቱ ግን አልተመለሰም። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል፣ ሊናገር ሲል ቃሉ ይጠፋበታል። ከሁሉ የባሰው ቁጥር ነበር። አምስት ሊል ሰባት ይላል፣ ስህተቱን ራሱ ይሰማዋል፣ ፊቱ በላብ ይጠመቃል። በመጨረሻ ጭራሽ መሞከሩን ተወና ዝም አለ። ሐኪሙም «አናግሩት፤ የሚመለሰው ይመለሳል፣ የማይመለሰውን ግን ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም» አለን። እኔ የፈራሁት ዝምታውን እንዳይለምደው ነበር።

በእኛ ቤት ቁጥር የፍቅር ጨዋታ ነበር። እኔ ጨርቅ ስለካ «ሁለት ሜትር ከሩብ» እላለሁ። እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ «ሁለት ነጥብ ሁለት አምስት» ብሎ ያርመኛል። «ሁለት ነጥብ ሃያ አምስት» ካልኩማ አለቀልኝ። «ከነጥብ ወዲያ ያሉት ቁጥሮች ለየራሳቸው ቤት አላቸው፤ ምን አድርገውሽ ነው አንድ ክፍል የምታጉሪያቸው?» ይለኛል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ ቁጥር በፈረንሳይኛ ካልሆነ አይጥመውም። «ዶ ቪርጉል ቫንት ሳንክ» ይል ነበር። ፈረንሳዮች ነጥቡን ትተው ነጠላ ሰረዝ ነው የሚጠሩት፤ ሃያ አምስቱንም ሳይነጣጥሉ ይሉታል። ጎረቤታችን በኦሮምኛ «ቱቃ» ትላለች፤ እሷስ ነጥብ ማለቷ ነው፣ ከይርጋ ጋር ይስማማሉ። «ታዲያ አባቴ ተሳስቶ ኖሯል?» ብዬ ሳፋጥጠው «አባትሽስ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተችው ፈረንሳይ ናት» ብሎ ያስቀኝ ነበር።

ከየካቲት ወዲህ የሚያርመኝ አልነበረም። ሆን ብዬ «ነጥብ ሃያ አምስት» ብዬ ጮክ ብል እንኳ መስኮቱን እያየ ዝም ነው።

ነሐሴ ላይ ታናሽ ወንድሙ ቄስ ሞላ ከዳባት ደወሉ። «እታለም፣ አያ ይርጋን ለጳጉሜ አምጭልን። በሩፋኤል ዝናብ ይጠመቅ፣ አገሩንም ይይ። ምነው፣ እዚያ ሐሩር ውስጥ ተቀምጦ ምን ያገኛል?» አሉኝ። እኔ በጠበሉ አምናለሁ፣ በሐኪሙም አምናለሁ፤ ሁለቱም ካልሆኑ ደግሞ ዘመድ አይቶ ይመለሳል አልኩና ተነሣን።

ጳጉሜ 1

በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገብተን ሌላ አውሮፕላን ቀይረን ከሰዓት አዘዞ፣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ወረድን። በሩ ሲከፈት የገባው አየር ቀዝቃዛ፣ የእርጥብ ሣር ሽታ ያለው ነበር። እኛ አገር አየር የሚሸተው አቧራና ማንጎ ነው። ይርጋ ደረጃው ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና ዐይኑን ጨፈነ። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ሳይቆጡ ጠበቁን፤ እኔ ግን አፍሬ በክርኔ ጎሰም አደረግኩት።

የተቀበለችን የቄስ ሞላ ልጅ አዝመራ ናት፤ ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። «አያ ይርጋ! እታለም! ማኪናው እዚያ ነው፣ ቦርሳውን ወዲህ በሉት!» እያለች ሁሉንም እቃ ብቻዋን ተሸከመች። ቤቷ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው። አልጋዋን ለእኛ ለቃ እሷ መሬት አነጠፈች፤ ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች! እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ ፍራሽ አውጥተን በረንዳ ላይ እንተኛለን፤ በዚያ ብርድ ግን መሬት መተኛት ቀላል ስጦታ አይደለም።

እራት እየበላን ከስሱ ግድግዳ ማዶ አንድ ተማሪ በስልክ ለእናቱ ውጤቱን ሲነግር ሰማን። «እማ፣ ሦስት ነጥብ ሃያ አምስት መጣልኝ!» አለ በደስታ። ይርጋ ጉርሻውን አስቀመጠ። ጣቱ ወደ ግድግዳው ተነሣ፣ ከንፈሩ ተከፈተ። እኔና አዝመራ እጃችንን ከትሪው አነሣን። ምንም አልወጣም። ጣቱን አጠፈና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ወጡን እየቀላቀልኩ እንባዬን ዋጥኩ።

ጳጉሜ 2

ሁላችሁም የምትጠይቁኝን አስቀድሜ ልመልስ። አዎ፣ ግንቡን አይቻለሁ፤ በሚኒባስ መስኮት፣ በጭጋግ ውስጥ፣ የአንድ ሰውዬ ትከሻ ግማሹን ከልሎብኝ። ትልቅ ነው።

አዝመራ በጠዋት «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብላ ሦስት ሾፌር ጠይቃ ነው ያሳፈረችን። ዳገቱን ስንወጣ የገብስና የባቄላ ማሳ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ነበር። አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን በረዶ ጣለ። እኔ በረዶ የማውቀው ሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ እዚህ መንገዱን ሞልቶ አስፋልቱ ጨው የፈሰሰበት መሰለ። ሾፌሩ ከፊት ለመጣ መኪና ቦታ ልልቀቅ ሲል ጎማው ከጠርዙ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሁላችንም ወረድን። እኔ የድሬ ሰው፣ ክፍት ጫማ ነበር ያደረግኩት።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እግሬን አይታ ክው አለች። «ምነው እታለም! በዚህ ጫማ ደጋ ይወጣል?» አለችና ከዘምቢሏ ለልጇ የገዛችውን አዲስ ኮንጎ ጫማ አውጥታ፣ ተንበርክካ አጠለቀችልኝ። ስሟን እንኳ አልነገረችኝም። ስለ ይርጋ ስነግራት «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ። ከየካቲት ጀምሮ ይህን ተረት ያልነገረኝ ሰው የለም፤ ከዚያች ሴት አፍ ሲመጣ ብቻ አልተቀየምኩም።

መኪናው ሲገፋ ደመናው ከቀኝ በኩል ተከፈተ። መሬቱ በድንገት አለቀ ልበላችሁ። እኛ ከቆምንበት ጠርዝ በታች ገደል፣ ከገደሉ በታች ማሳ፣ ከማሳው በታች ሌላ ገደል፣ እያነሰ እያነሰ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ። ከታች የቤተ ክርስቲያን ክዳን የጥፍር ያህል ሆኖ ይታያል። ይርጋ መጥቶ እጄን ያዘኝና በጣቱ አንዱን እርከን፣ ቀጥሎ ያለውን፣ ቀጥሎ ያለውን አሳየኝ። ሊነግረኝ የፈለገውን ያን ቀን አልገባኝም።

ዳባት ስንደርስ መሽቶ ነበርና ቤርጎ ያዝን። የቤርጎዋ ባለቤት ድሬዳዋ ስላት «በሞቃት አገር የሚኖር ሰው ሦስት ብርድ ልብስ ይገባዋል» ብላ አራት አመጣች።

ጳጉሜ 3

ቄስ ሞላ በማለዳ በቅሎ ይዘው መጡ። ወንድማቸውን አቅፈው ብዙ አለቀሱ፣ ከዚያ ወዲያው ቀልድ ጀመሩ። ይርጋ በበቅሎ፣ እኛ በእግር ወጣን። ጭቃው ኮንጎዬን እየነጠቀ፣ እኔ እየተመለስኩ እያወጣሁ ሄድን።

መንገዱ ዳር፣ ዋርካ ሥር፣ አንድ ትልቅ የቆሎ ተማሪ ዐይኑን ጨፍኖ ትምህርቱን በቃሉ ይወጣል። ቄስ ሞላ ሳይቆሙ፣ አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ አንዲት ቃል በግዕዝ ወረወሩ። ተማሪው ዐይኑን ሳይገልጥ ጎንበስ ብሎ አመሰገነና ቃሏን አስተካክሎ ቀጠለ። ገረመኝ። ድሬዳዋ ላይ የማታውቂውን ሰው ከመንገድ ብታርሚ ምን እንደሚልሽ ታውቂዋለሽ!

«ያውቁታል?» አልኳቸው።

«ኧረ ከየት አውቄው።»

«ታዲያ ምን አገባዎት?»

ቆሙ። «እታለም፣ እዚህ መጽሐፉ ያለው በሰው አፍ ነው። ስህተት ሰምቼ ካለፍሁ ስህተቱን እኔ አስተማርሁት ማለት ነው። ለትልቅም ለትንሽም ነው ሕጉ፤ የኔታም ቢሳሳቱ ይታረማሉ። ግን የኔታ አይሳሳቱም» አሉና ሳቁ። የኔታ የሚሏቸው ይርጋን በልጅነቱ፣ አስኳላ ሳይገባ በፊት፣ የዘመን ቆጠራውን ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩት የኔታ ፈንታ ናቸው።

መንደሩ ስንደርስ የሩፋኤል ዝናብ ወረደ። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነውና ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው፣ አራሷ ሳትቀር፣ ከቤት እየወጣ ቆመበት። እኛ አገር ከዝናብ እንሸሻለን፤ ጎርፍ ያመጣብናልና። እዚህ መንደር ሙሉ ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆሟል። ይርጋ ሸሚዙን አውልቆ መሐላቸው ቆመ። እኔም ከልቤ ለመንኩ። ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም የይርጋን አፍ እያየ ጠበቀ። ይርጋ አፉን ከፈተ፣ ከፈተ፣ አስነጠሰ።

«ይማርህ!» አለ መንደሩ በአንድ ድምፅ። ከሀዘኔ ጋር ሳቄ መጣ።

ጳጉሜ 4

ይርጋ በጉንፋን ተያዘ። የቄስ ሞላ ባለቤት ትኩስ የገብስ አጥሚት አጠጣችው፤ ለእኔም ኮረፌ የሚሉትን የገብስ ጠላቸውን ቀዳችልኝ። ጠላ ነው ብላችሁ እንዳትደፋፈሩት፤ ለስላሳ ይመስልና እግር ያስራል።

ከሰዓት የኔታን ልንሳለም ሄድን። ጎጇቸው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ነው። በጣም አርጅተዋል፤ ዐይናቸው ደክሟል። ይርጋ ጉልበታቸውን ሲስም ራሱን ዳሰሱና «ይርጋ ነህ። ያችው ጠባሳ አለች» አሉ። የሆነውን ቄስ ሞላ ነገሯቸው። የኔታ ይርጋን ተናገር ብለው አላስጨነቁትም። ዝም እንዳይባባል ነው መሰለኝ እኔን ያጫውቱኝ ጀመር።

«ለምን ጳጉሜ ላይ መጣችሁ?»

«ለሩፋኤል ዝናብ፣ የኔታ።»

«ጳጉሜ ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ትርፍ ናት። ከሠላሳው ቀን ወራት የተረፈች። ትርፏም ትርፍ አላት። ዓመቱ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ዕለት ከአሥራ አምስት ኬክሮስ ከስድስት ካልዒት ነው።»

«ኬክሮስ ምንድን ነው?»

«ዕለትን ለስልሳ ብትከፍያት አንዱ ክፍል ኬክሮስ ይባላል። ኬክሮስንም ለስልሳ ስትከፍይው ካልዒት ነው። ካልዒትን ለስልሳ፣ ሣልሲት። ከዚያ ራብዒት፣ ኃምሲት፣ ሳድሲት» አሉ፤ እጃቸው በአየር ላይ አንድ አንድ እርከን እየወረደ።

ያን ጊዜ ገደሉ ጫፍ ላይ ይርጋ በጣቱ ያሳየኝ ነገር ገባኝ። አሥራ አምስት ከስልሳ ሩብ ነው። ይሄ የእኔ «ከሩብ» ነው፣ የይርጋ «ነጥብ ሁለት አምስት» ነው፣ የአባቴ «ቪርጉል» ነው! እዚህ ግን ነጥብም ሰረዝም የለም። እያንዳንዱ እርከን እንደ ሰው የራሱ ስም አለው። ይርጋ «ለየራሳቸው ቤት አላቸው» የሚለኝ ነገር ከዚህ ጎጆ የወጣ ሳይሆን አይቀርም።

«ስድስቷ ካልዒትስ ምን ትሠራለች? እንዲያው መርፌ ውስጥ ክር እስካስገባ የምታልፍ ናት» አልኩ።

«አሥራ አምስቱ ኬክሮስ በአራት ዓመት ተጠራቅሞ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋታል። ስድስቷ ካልዒት ደግሞ ትጠራቀምና በስድስት መቶ ዓመት አንዲት ዕለት ትሆናለች። ያን ጊዜ ጳጉሜ ሰባት ትሆናለች ይላሉ አባቶች።»

«ያንን ማን ያየዋል?»

«ማንም አያየውም» አሉ የኔታ። «ግን በየዓመቱ እንጠራታለን። ካልጠራናት ትጠፋለቻ።»

በዚህ ጭቃና ብርድ ውስጥ፣ ከብት እንኳ ከበረት መውጣት በሚጠላበት ክረምት፣ ማንም የማያያትን የዓመት ፍርፋሪ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ ስንት ትውልድ አሻገሯት! ይርጋን ዞሬ አየሁት። መሬቱን እያየ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። የኔታ «ለዘመን መለወጫ እኔው ነኝ የማውጀው፤ ና፣ ስማኝ» አሉት።

ጳጉሜ 5

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ይርጋ ተኝቶ ዋለ፤ እኔ የቄስ ሞላን ቀሚስ ስጠግን ዋልኩ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መስከረም 1

ሰማዩ ጠርቶ አደረ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በግቢው ውስጥ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን ቆመ። ልማዱ እንዲህ ነው፤ የዓመቱ ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል ለሕዝቡ በቃል ይታወጃል። ድሬዳዋ ላይ እኛ ይህን ከቀን መቁጠሪያ ላይ ነው የምናነበው። የኔታ ተደግፈው ድንጋዩ ላይ ወጡ፣ ድምፃቸው ግን ከዕድሜያቸው የጎበዘ ነበር። የዓለሙን ዘመን ተናገሩ፣ ወንጌላዊውን ተናገሩ። ከዚያ «ዓመት ማለት ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ዕለት ከአሥራ አምስት ኬክሮስ ነው» አሉና ወደ ጨረቃው ሒሳብ ተሻገሩ።

እኔ የዘነጉትን አላስተዋልኩም። ቄስ ሞላ ሲደነግጡ አየሁ። ሌሎቹም ካህናት ተያዩ። ሕጉ አርሙ ይላል፤ ግን የኔታን፣ በዚያ ዕድሜ፣ በሕዝብ ፊት ማን ይድፈር? ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«ከስድስት ካልዒት!»

ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር ዓይነት። ማን እንደሆነ ለማወቅ እንደ ሰው ሁሉ ዞርኩ። ይርጋ ነበር። ጣቱን አንሥቶ ቆሟል። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጨመርኩ።

የኔታ ቆሙ። «ማነው?» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ዘለልኋት?» ብለው ጠየቁ። «እኔ? ዘለልኋት?» አሉ እንደገና፤ ድምፃቸው ተሰበረ። ነገሩን አስበውበት አድርገውት ነው የምትሉኝ አላችሁ፤ በፍጹም። ፊታቸውን አይቻለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ቀን ያልጣሏትን እዚያው ሰው ሁሉ እየሰማ ጣሏት፤ የገዛ እርጅናቸውን ያን ጊዜ ያዩት ይመስለኛል።

ይርጋም አዘነላቸው መሰለኝ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። የኔታ ግን እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ የጣልሁትን አንተ አነሣህ። ሸጋ። በል ከላይ ጀምርልኝ» አሉት።

ይርጋ ጀመረ። «ዕለት ስልሳ ኬክሮስ። ኬክሮስ ስልሳ ካልዒት። ካልዒት ስልሳ ሣልሲት...» እያለ እስከ ሳድሲት ወረደ፤ አንዱም ቃል አልተሰናከለበትም። ዜማው የልጅነቱ ነው፤ ድምፁ የባለቤቴ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ያልሰማሁት ድምፅ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ እልልታው አልወጣልኝም፣ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እየሮጥኩ ሄጄ «ይርጋ፣ እኔን ጥራኝ! ስሜን በል!» አልኩት። አፉን ከፈተ። ፈለገ፣ ፈለገ። ጠፋበት። ፊቱ ላይ ላቡ ተመለሰ። የተከፈተው በር የዚያችው የአንዲት ክፍል ብቻ ኖሯል።

የኔታ ጩኸቴን ሰምተው «ታገሽ ልጄ። ስድስት ካልዒት ነው የተመለሰው» አሉኝ።

«የኔታ፣ እኔ ስድስት መቶ ዓመት የለኝም» አልኳቸው፤ ከእንባዬ ጋር። እሳቸው ሳቁ፤ ይርጋም ሳቀ።

መመለሻው

በነጋታው ተሰናበትን። ቄስ ሞላ በቅሎዋን እየሳቡ እስከ ዳባት ሸኙን፤ ጎንደር ላይ አዝመራ ለእኔ ካልሲ፣ ለአጎቷ ሻርፕ ገዝታ ጠበቀችን። ጫማውን ለሰጠችኝ ሴት የሚያደርስልኝ ሰው ባላገኝም ኮንጎውን አጥቤ ይዤው መጥቻለሁ፤ ሱቄ መስኮት ላይ ያያችሁት እሱ ነው። ድሬዳዋ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታው ደስ አለኝ ብል አትፍረዱብኝ።

ይርጋ ከዚያ ወዲህ ሁሌ ጠዋት ያችን ትምህርት ይወጣታል። ስድስት ማለት ሲፈልግ «ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ዕለት» ብሎ ከላይ ጀምሮ እየወረደ ስድስቷ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ለሐኪሙ ስነግረው ማስታወሻ ያዘና «አታስቁሙት» ብቻ አለ። ሌላ ቃል ግን አልመጣም። ስሜም አልመጣም። እኔም መጠየቅ ተውኩ።

ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ሙሽራ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ሜትሩን ዘርግቼ፣ ጠመኔውን ይዤ፣ እንደ ልማዴ ጮክ አልኩ፦ «ሁለት ሜትር ከሩብ።»

ከወንበሩ በኩል የጉሮሮ ድምፅ ተሰማ። ቀና አልኩ። ይርጋ ጣቱን አንሥቷል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከላይ እየወረደ ነው፣ እርከን በእርከን፣ ሲፈልግ አየዋለሁ። «ነጥብ» የምትለዋን አላገኛትም። ሌላ አገኘ።

«ሁለት...» አለ። «ሁለት፣ ከአሥራ አምስት ኬክሮስ።»

ሙሽራይቱ ምን እንዳለ አልገባትም። እኔ ግን ታርሜያለሁ። ዐይኔን ከእሱ ሳልነቅል ጨርቁን አጣምሜ ቆረጥኩት፤ ሌላ ገዝቼ እተካላታለሁ ብያታለሁ።